ሳይታወቅ የሚያልፉት ሳምንታት

ይህ ምልልስ በሦስት ሰዎች መካከል የሚደረግ ነው። አክስት በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ለረጅም ዘመን ያገለገሉ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ሙሽሪት የእህታቸው ልጅ ናት። ባሏ መምህር ነው። ከተጋቡ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ልጅ ለመውለድም ወስነዋል።

ሙሽሪት፦ እትዬ፣ ከእርስዎ የምደብቀው የለኝም። እኔና ባለቤቴ ልጅ እንዲኖረን ተነጋግረን ወስነናል። ሳረግዝ ክትትሉን የት እንደምጀምር ልጠይቅዎት ብዬ ነው የመጣሁት።

አክስት፦ እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳንም መጣሽ። ግን «ሳረግዝ» አልሽ። ክትትሉ ከዛሬ ቢጀመር ነው የምወደው።

ሙሽሪት፦ ሳላረግዝ ምኔን ይከታተሉታል?

አክስት፦ አንቺን ነዋ! ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ሴት ማርገዟን የምትጠረጥረው የወር አበባዋ ሲቀር ነው። አንዳንዷ ቀርቶባትም «ድካም ይሆናል፣ ብርድ ይሆናል» እያለች ሌላ ወር ትጠብቃለች። ከዚያ ሽንቷን ትመረመራለች። ቆርጣ ጤና ጣቢያ እስክትመጣ ደግሞ ሦስተኛው ወር ያልፋል። እኔ ከተቀበልኳቸው እናቶች ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው። ፅንሱ ግን እኛን አይጠብቅም። ከተፀነሰ በ22ኛው ቀን ገደማ ልቡ መምታት ይጀምራል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቧንቧ ደግሞ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። በዚያን ቀን የእናትየዋ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ማርገዟን ጨርሶ ላታውቅ ትችላለች።

ሙሽሪት፦ ያኔ ፅንሱ ምን ያህላል?

አክስት፦ የወር አበባው በሚቀርበት ሰሞን ከአንዲት የጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው ጭንቅላቱና ጀርባው መልክ የሚይዘው። እኛ ልንረዳው የምንችለው ያን ጊዜ በደምሽ ውስጥ ባለው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ደምሽ ውስጥ መገኘት አለበት።

ሙሽሪት፦ አንድ ነገር ግራ ይገባኛል። ጓደኛዬ የወር አበባዋ በቀረ በሁለተኛ ሳምንቷ ሐኪም ቤት ሄዳ «የስድስት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነሽ» ተባለች። ከየት መጣ?

አክስት፦ ያንን የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው አውርጂልኝና ላሳይሽ። ሴት የፀነሰችበትን ቀን በትክክል አታውቀውም፤ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን ግን ልትይዘው ትችላለች። ስለዚህ መነሻችን የመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። እንቁላሉ የሚወጣው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ጓደኛሽ «ስድስት ሳምንት» ስትባል ፅንሱ በእውነት አራት ሳምንቱ ነበር። የመውለጃው ቀን ከመነሻው ቀን 280 ቀን ተቆጥሮ ይገኛል። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ይቀላል፤ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ትደምሪያለሽ። የወር አበባዋ መስከረም 10 ከታየ መውለጃዋ ሰኔ 20 ይሆናል ማለት ነው። በመሃል ጳጉሜን ካለፈች ግን የምትደምሪው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው፤ ሚያዝያ 5 የታየው ጥር 10 ላይ ያርፋል። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ ከአምስቱ አንድ ትቀንሻለሽ።

ሙሽሪት፦ እናቶቻችን «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚሉትስ?

አክስት፦ እሱ ከፅንሰቱ የሚነሳ ቆጠራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከጌታ ፅንሰት ከመጋቢት 29 እስከ ልደቱ ታኅሣሥ 29 የምትቆጥረው ነው። ለአንቺ የምመክርሽ ከዛሬ ጀምሮ የወር አበባሽ በመጣ ቁጥር ቀኑን እዚህ መቁጠሪያ ላይ ምልክት እንድታደርጊበት ነው። ያ ምልክት ለሐኪሙም ለአንቺም ብዙ ነገር ይነግራል።

ሙሽሪት፦ ደሜ ውስጥ አስቀድሞ ይገኝ ያሉት ምንድን ነው?

አክስት፦ ከሁሉ በፊት ፎሊክ አሲድ። በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ቢያንስ ከመፀነስሽ ከአንድ ወር በፊት ጀምረሽ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ። በፈረንጆቹ 1991 በሰባት አገሮች በሚገኙ 33 ማዕከላት የተደረገ ጥናት ውጤት ወጣ። ቀደም ሲል የነርቭ ቧንቧው ያልተዘጋ ልጅ የወለዱ ሴቶች ናቸው የተጠኑት። ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ከፍ ያለ መጠን ያለው ፎሊክ አሲድ በወሰዱት ላይ ችግሩ የመደገም ዕድሉ 72 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ጥቅሙ በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። በእኛ አገር ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ችግሩ በኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች ጎልቶ እንደሚታይ ያሳያሉ።

ሙሽሪት፦ እርስዎ እንዲህ ያለ ልጅ አዋልደው ያውቃሉ?

አክስት፦ አዎ፣ ከአንድ በላይ። አንዱ ከቅንድቡ በላይ የራስ ቅሉ አልነበረም፤ ለጥቂት ሰዓት ተነፈሰና አረፈ። ሌላዋ ልጅ ጀርባዋ ላይ ክፍት ቁስል ይዛ ተወለደች። እግሮቿ አይንቀሳቀሱም፣ ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም፣ ቆይቶም ጭንቅላቷ ውኃ ቋጠረ። እናትየዋ አልጋው ላይ ሆና የጠየቀችኝ «ምን በድዬ ነው?» ብላ ነበር። ምንም አልበደለችም። ማንም አልነገራትም። እኛ የምንሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል እሷ ዘንድ የደረሰው በአምስተኛው ወር ነው። ለደም ማነስ ይጠቅማት ይሆናል፤ በ28ኛው ቀን ያልተዘጋውን ግን በአምስተኛው ወር የሚዘጋው የለም።

ሙሽሪት፦ እትዬ፣ አይቆጡኝና እናቴ ሰባት ልጅ ስትወልድ አንድም እንክብል አልዋጠችም። ሁላችንም ደህና ነን።

አክስት፦ ለምን እቆጣለሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። አብዛኞቹ ልጆች ያለ እንክብልም ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ። ግን በየመንደሩ ያልታደሉት አይወሩም። በዝምታ ይቀበራሉ፤ እናቲቱም «እርግማን ነው» ተብላ አንገቷን ደፍታ ትኖራለች። እንክብሉ ሁሉንም አያስቀርም፤ በዘርና በሌላ ምክንያት የሚመጣም አለ። ሊቀር የሚችለውን አለማስቀረት ነው የሚያንገበግበኝ።

ሙሽሪት፦ በምግብ አይገኝም እንዴ?

አክስት፦ ይገኛል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን ሁሉም አላቸው። የጾም ማዕዳችን በዚህ በኩል ደህና ነው። ግን ለረጅም ሰዓት ሲፈላና ውኃው ሲደፋ ብዙው ይጠፋል፤ የቀረውንም ሰውነት እንደ እንክብሉ ያህል አይወስደውም። ስለዚህ ሽሮሽንም ብዪ፣ እንክብልሽንም ውሰጂ። ፋርማሲ ስትሄጂ ግን ካርቶኑን አንብቢ። 5 ሚሊ ግራም የሚል ታገኚያለሽ፤ እሱ አንቺ ከሚያስፈልግሽ ከ12 እጥፍ በላይ ነው። ሐኪም የሚያዝዘው ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች፣ የስኳር ሕመም ላለባት ወይም አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት ነው። አንቺ 400 ማይክሮ ግራሙን ጠይቂ።

ሙሽሪት፦ ቡናስ?

አክስት፦ አቦሉን ጠጪ፣ ቶናውንና በረካውን ለእንግዳ ተይው። ደግሞ እንጀራሽን እንደበላሽ ወዲያው ቡናም ሻይም አታስከትዪበት፤ ከምግቡ የምታገኚውን ብረት ይይዝብሻል። አንድ ሰዓት ያህል አቆይው። ክትፎው በደንብ ይብሰል፣ ወተቱ ይፍላ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ፅንስን የሚያስጨነግፍ በሽታ ያመጣሉ። ሰላጣውንም በንጹሕ ውኃ ደጋግመሽ እጠቢው። ጨው ስትገዢ አዮዲን ያለው መሆኑን እይ፤ የልጁ አንጎል የሚያድግበት ነገር ነው። መጠጥ ከመፀነስሽ በፊት ተይው፤ ለፅንስ ደህና ነው የተባለ መጠን የለም። ጫትም እንዲሁ።

ሙሽሪት፦ አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርዎት። ካገባሁ ጀምሮ የሦስት ወር መርፌ ስወጋ ነበር። ካቆምኩ አራት ወር ሆነኝ። ጎረቤቶቼ «መርፌው ማህፀን ያደርቃል» ይሉኛል።

አክስት፦ ይህን ወሬ ስንት ዓመት ሰማሁት! አያደርቅም። መርፌው ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመፀነስ በአማካይ አሥር ወር ያህል ይወስዳል። እንክብል ስትውጥ የነበረች ወይም በክንድ የሚቀበረውን ያስወጣች ሴት ግን ወዲያው ልትፀንስ ትችላለች። አንቺ አራት ወር ሞልቶሽ ካልፀነስሽ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ይልቅ ጊዜውን ተጠቀሚበት፤ ፎሊክ አሲዱን ከዛሬ ጀምሪ።

ባል፦ ይቅርታ እትዬ፣ እስካሁን ዝም ብዬ ሳዳምጥ ነበር። ለመፀነስ የሚቆጠሩት ቀኖችስ? እንቁላል የሚወጣው መቼ እንደሆነ እናውቃለን?

አክስት፦ ጥሩ ጠየቅህ ልጄ። እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ዑደቷ 28 ቀን ከሆነ በ14ኛው ቀን፣ 32 ቀን ከሆነ በ18ኛው ቀን ገደማ ማለት ነው። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ነው። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሚፀነስባቸው ቀኖች ስድስት ያህል ናቸው፤ አምስቱ ከእንቁላሉ በፊት፣ አንዱ እሱ የሚወጣበት ቀን። እናንተ ግን በሰዓት አትጨናነቁ። የወር አበባዋ ካበቃ በኋላ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ አብራችሁ ከሆናችሁ ይበቃል።

ባል፦ ለእኔ የሚሆን ምክር የለዎትም? ሁሉም ወደ እሷ ሄደ።

አክስት፦ ይህን ስለጠየቅህ አከብርሃለሁ፤ ብዙ ወንዶች አይጠይቁም። የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ የምታደርገው የሚታየው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው። ሲጋራ ካጨስክ አቁም። ጫትና መጠጥ ተው። ሌላም ነገር አለ። ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ ሁለታችሁም አብራችሁ አድርጉ። እሷ ብቻዋን ተመርምራ አንተ ከቀረህ ሥራው ግማሽ ነው። ኤች አይ ቪ ቢገኝ እንኳ ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የወሰደች እናት ጤነኛ ልጅ ልትወልድ ትችላለች፤ ቀድሞ መታወቁ ነው ዋናው።

ባል፦ እንበልና ዓመት ሞልቶን ባይሆንልን?

አክስት፦ እሷ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች፣ ያለ መከላከያ ዓመት ሙሉ ሞክራችሁ ካልሆነ ሐኪም ዘንድ ትሄዳላችሁ። ከ35 በላይ ከሆነች ስድስት ወር ይበቃል። እናንተ መርፌውም ስላለ ትንሽ ልትታገሡ ትችላላችሁ። የምትሄዱት ግን ሁለታችሁም ናችሁ። የመካንነት ምርመራ መጀመር ያለበት ከወንዱ ዘር ነው፤ ምርመራው ቀላል ነው፣ ዋጋውም ከሴቷ ምርመራ ያነሰ ነው። ከሚቸገሩት ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ ይገኝበታል። በየቤቱ ግን «መካን» የምትባለው ሴቷ ናት፤ ተፈታ የምትሄደውም እሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር ይገጥመዋል ብሏል። በአገራችንም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመንግሥት ተቋም ደረጃ የመጀመሪያውን የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከከፈተ ዓመታት ሆነው። እፍረቱ ግን ገና አልለቀቀንም።

ባል፦ እኔ ግን አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ቀን ቆጠራው፣ እንክብሉ፣ ምርመራው ሲበዛ ስጦታነቱ የጠፋ ይመስለኛል።

አክስት፦ ስጦታ መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ስንት ሌሊት በጸሎት አዋልጃለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ የማውቀውን ነገር ሳላደርግ ቀርቼ ሕፃን ቢጎዳ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ለማለት ድፍረት የለኝም። እንዲያውም እምነቴ ነው እንድጠነቀቅ ያስተማረኝ። ሰው በሚችለው ይትጋ፣ ከአቅሙ በላይ ያለውን ለፈጣሪ ይተው። ፎሊክ አሲድ መዋጥ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ሙሽሪት፦ ጾሙስ እትዬ? ስፀንስ ዐቢይ ጾም ላይ ልሆን እችላለሁ።

አክስት፦ የንስሐ አባትሽን ቀድመሽ አናግሪያቸው። ለነፍሰ ጡር የሚፈቅዱት ብዙ ነገር አለ፤ ሰዉ ስለማይጠይቃቸው ነው። በደም ማነስ የምትቸገር ሴት እንቁላልና ወተት ሳታገኝ ሁለት ወር መክረሟ ይከብዳታል። አንቺ ደምሽን አስመርምሪ፤ ማነስ ካለብሽ ከመፀነስሽ በፊት ይስተካከል። የደም ዓይነትሽንም እወቂ። ኔጌቲቭ ከሆንሽና እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በእርግዝናሽ ወቅትና ከወለድሽ በኋላ የምትወጊው መርፌ አለ፤ ለሚቀጥለው ልጅ ነው የሚጠቅመው።

ሙሽሪት፦ የአጎቴ ልጅ የሚጥል በሽታ አለባት። እሷም ልትወልድ ትፈልጋለች።

አክስት፦ ዛሬውኑ ደውይላት። ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባለውን የምትወስድ ከሆነ ሳትፀንስ ሐኪሟን ታማክር፤ ያ መድኃኒት የነርቭ ቧንቧውን ይጎዳል። በራሷ ፈቃድ ግን እንዳታቆም፤ ሕመሙ ቢነሳባት ለእሷም ለፅንሱም ያሰጋል። ሐኪሙ ይቀይርላታል፣ ከፍ ያለ መጠን ያለውን ፎሊክ አሲድም ይጨምርላታል። ስኳር ያለባትም እንደዚሁ ስኳሩን ካስተካከለች በኋላ ትፀንስ። ደም ግፊት፣ እንቅርት፣ የልብ ሕመም ያለባት ሁሉ ቀድማ ትታይ።

ሙሽሪት፦ እሺ፣ ሆነና ፀነስኩ እንበል። እናቴ «ሦስት ወር ሳይሞላ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ዓይን ይበላሻል» ትለኛለች።

አክስት፦ ለጎረቤት አትንገሪ፤ እናትሽን አክብሪ። ለጤና ባለሙያ ግን በዚያው ሳምንት ንገሪ። የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት መሆን አለበት፤ እስክትወልጂም ስምንት ጊዜ ትታያለሽ። ያን ሰሞን ለማንኛውም ሕመም መድኃኒት ከመዋጥሽ በፊት «እርጉዝ ልሆን እችላለሁ» ብለሽ ተናገሪ። ለቁርጠት ብለሽ ጤና አዳም ጨምቀሽ እንዳትጠጪ፤ በብዛት ሲወሰድ ማህፀንን ያንቀሳቅሳል። የወር አበባሽ ከቀረ በኋላ በአንድ ጎን የሆድ ሕመም፣ የደም መፍሰስ፣ ማዞርና መውደቅ ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሩጪ። ፅንሱ ከማህፀን ውጭ በቱቦው ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ከፈነዳ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ሙሽሪት፦ ቢጨነግፍብኝስ?

አክስት፦ ከታወቁ እርግዝናዎች ከአሥሩ አንዱ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ይጨነግፋሉ፤ አብዛኛው በመጀመሪያው ሦስት ወር ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከመጀመሪያው ቀን የተፈጠረ የክሮሞዞም መዛባት ነው። ውኃ ስለቀዳሽ፣ ስለደነገጥሽ ወይም አምሮትሽ ስላልተፈጸመ አይደለም። ይህን አሁን የምነግርሽ ያኔ ሐዘን ላይ ሆነሽ ራስሽን እንዳትከሺ ነው። አንተም ልጄ፣ ያን ቀን ከጎኗ ቁም፤ ማንም እንዳይወቅሳት አፉን ያዝልኝ።

ባል፦ ቃል እገባለሁ እትዬ። ግን አንድ ነገር እያሰብኩ ነው። እኛ አክስት ያለን ዕድለኞች ነን። ሳያቅዱ የሚያረግዙትስ? የጤና ባለሙያ ከመንደራቸው የራቀባቸውስ?

አክስት፦ የልቤን አነሳህ። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳለው በዓለም ከሚከሰቱት እርግዝናዎች ግማሽ ያህሉ ያልታቀዱ ናቸው። ለእነዚያ ሴቶች እኔ አሁን የመከርኳችሁ ምክር ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ንጥረ ነገሩ ሁሉም ሰው በሚበላው ምግብ ውስጥ መግባት አለበት። አሜሪካ ከ1998 ጀምራ በዱቄት ውስጥ ትጨምራለች። በእኛም አገር በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። ግን የጤፍ እንጀራ የምትበላ፣ እህሏን በመንደር ወፍጮ የምታስፈጭ ሴት የፋብሪካ ዱቄት አይደርሳትም። ለእሷ ሁሉም ቤት የሚገባ ነገር ያስፈልጋል። አዮዲንን በጨው እንዳደረስን ሁሉ ፎሊክ አሲድንም በጨው ለማድረስ የሚጥሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እንዲሳካላቸው እመኛለሁ።

ሙሽሪት፦ እስከዚያስ?

አክስት፦ እስከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትሄድ «ያረገዘች አለች?» ብቻ ሳይሆን «ልትወልድ ያሰበች አለች?» ብላ ትጠይቅ። አስተማሪው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቹ ይንገር፤ ወንዶቹም ይስሙ። ቄሱ ጋብቻ ሲያስተምሩ ይጨምሩበት። ሴት ልጅ እንክብካቤ የምታገኘው ልጅ ስለተሸከመች ብቻ መሆን የለበትም። እሷ ቀድማ ጤነኛ ከሆነች ልጁም ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል፤ ባትወልድም ጤናዋ ለራሷ ይገባታል።

ባል፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይህን ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ። ለምርመራውም ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።

ሙሽሪት፦ እኔም ለአጎቴ ልጅ አሁኑኑ ልደውል።

አክስት፦ ደውይላት የኔ ልጅ። ስትጨርሺ ደግሞ የመጨረሻው የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ንገሪኝና ምልክቱን አብረን እናድርግ።